ስጋጃሽ የሸፈነው ግድግዳ

ይድረስ ለእታለም ኸሊዳ፣ ሰመራ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ሰነበትሽልኝ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ሆነሽ ነው የምትሰግጂው? ጋሽ ሙእሚንስ እንዴት ናቸው፣ ሱቁስ? በዚህ ወር የሰመራ ሙቀት ትንሽ ይራራል ይላሉ፤ ለእናንተም ራርቶላችሁ ይሆን? ከሁሉም በላይ አፍናን እንዴት ናት? እግሯ ያብጣል ብለሽኝ ነበር፤ ጎደለላት? የምትበላው ይረጋላታል? ፅንሱስ ይንቀሳቀሳል? ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ የምጠይቅሽ ስልክሽን የሚያነሳልኝ ስላጣሁ ነው።

እኔ፣ ከድሩና ልጃችን ሂያም አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበርና እጄ ቆመ። እኔና አንቺን ያጣላችን ይቺው ቃል ስለሆነች ካሁን በኋላ እየፈራሁ ነው የምጽፋት። አካላችን ደህና ነው። ልባችን ግን ከቦታው የለም።

ደብዳቤ መጻፍ ከተውን ስንት ዘመናችን፤ ፖስታውን ስታዪ ሰው የሞተ መስሎሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። ባለፈው ጁምዓ ደውለሽ አፍናን ለአዳማው ሐኪሟ ቅርብ እንድትሆን አንቺ ጋ ልልካት ነው ስትዪኝ፣ እባክሽ ለጊዜው አትላኪያት አልኩሽ። አንቺም እንግዳ ከበደሽ እንዴ ዘሀራ አልሽኝ። ላስረዳሽ ስጀምር ከአፌ ነጠቅሽኝ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፣ ስጋጃዬን ሳይቀር አይቼዋለሁ፣ ባልሽ እየሳቀ ኑ ተኙ እያለ አገር ሲጠራ ሰምቼዋለሁ፤ ለአገር ሁሉ ያለ አልጋ ለእህትሽ ልጅ ብቻ ጠፋ ወይ ብለሽ ዘጋሽብኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሺም። ያቺን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ አይደለሁም? የመጀመሪያው ፅንስ ሲጨነግፍባት አብሬያት ያለቀስኩት እኔ አይደለሁም? ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ወረቀት ላይ ስሆን አታቋርጪኝም።

ገጹን የከፈተው ከድሩ መሆኑን ታውቂያለሽ። ወገቡን አሞት የጭነት መኪና መንዳቱን ከተወ ወዲህ እጁ ሥራ ፈትቶ ስልክ ያዘ፤ ፌስቡኩም ቲክቶኩም ላይ ሐርቡ ምግብና መኝታ፣ አዋሽ ብሎ ከፈተ። መጀመሪያ የፍየል ጥብሳችንን ነበር የሚያነሳው፤ ጭሱ ስልኩን እየሸፈነው ቤቱ የተቃጠለ ይመስል ነበር። ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያውን፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱ ቦታ፣ ውሃ የሞላውን ሮቶ መለጠፍ ጀመረ። ሾፌር ምግብ የትም ያገኛል፣ የሚቸግረው መኪናውን የሚያቆምበትና ገላውን የሚታጠብበት ነው ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ ሰው መጣልን።

እኔ ደግሞ የበላተኛ ፊት አይለጠፍም የሚል ሕግ አወጣሁ። ምክንያቱን ነግሬሽ አብረን ስቀናል። ያ የኮምቦልቻው ሾፌር ለሚስቱ መኪናዬ ተበላሽቶ ሎጊያ ቆሜያለሁ ብሏት፣ እኛ ዘንድ ተመቻችቶ ተቀምጦ አጥንት ሲግጥ ከድሩ ለጥፎት፣ ሴትዮዋ ደውላ የሰደበችኝ ስድብ! ባሏን ጓዳዬ የደበቅኩባት ይመስል። ከዚያ ወዲህ ሳህንና እጅ ብቻ ነው የምናነሳው። ከመግሪብ በኋላ ቁጭ ብለን ነገ ምን እንለጥፍ እያልን መነታረክ የቤታችን ወግ ሆነ። እሱ ጥብሱን ሲል እኔ አልጋውን፣ እኔ አልጋውን ስል እሱ መንዙማ የገባበት የመኪና ሰልፍ ይላል። ለካ ያኔ የምንነታረከው ጥጋብ ይዞን ነው።

ከዚያ መሬቱ ጀመረ። ከመስከረም አንስቶ አልፎ አልፎ ይነቀንቀን እንደነበር ሰምተሻል። ለምደነው ነበር፤ ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ሲንጫጫ ሂያም ትስቅ ነበር። በታኅሣሥ ማብቂያ ግን ሳቁ ቀረ። እየደጋገመ፣ እየበረታ መጣ። በሳቡሬ በኩል ሰዎች ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ወጡ። እኛ ዘንድ አርፎ የነበረ አንድ ነጋዴ በፎጣ ብቻ አስፋልት ድረስ ሮጦ፣ ተመልሶ ልብሱን ለመውሰድ ፈርቶ ከድሩ አወጣለት። አሁን ሾፌሮች የሰጡንን ሸራ አጥሩ ውስጥ ወጥረን ውጭ ነው የምናድረው። ሂያም ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው። አውልቂ ስላት፣ ብንሮጥስ ትለኛለች።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። የጓሮው ክፍሎች ግድግዳቸው ተሰንጥቋል። ከሁሉ የባሰው አንቺ ስትመጪ የምታርፊበት ክፍል ነው። ስንጥቁ ከጣሪያው ጥግ ይነሳና ብሎኬቱን እየከፈለ እስከ መስኮቱ ይወርዳል። በመጀመሪያው ሰሞን የፀጉር ያህል ነበር፤ አሁን ትንሿ ጣቴ ትገባበታለች። ለአፍናን ያዘጋጀሁላትም ይህንኑ ክፍል ነበር። ፍራሽ ቀይሬ፣ አጎበር ሰቅዬ፣ ለሕፃኑ ማጠቢያ የሚሆን ሰፊ ሳፋ ሳይቀር ገዝቼ አልጋው ስር አስቀምጬ ነበር። እንግዳ የከበዳት ሴት ይህን ታደርጋለች?

እንግዳ ቀረብን። መኪናው ያልፋል እንጂ አይቆምም። ከድሩ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ሲቆጥር ሲውል ሰውነቱ አለቀ። ይባስ ብሎ ጎረቤታችን አስረሳች፣ ያቺ ፔንሲዮን ያላት፣ በገና ዕለት ዶሮ ወጧን በገጿ ለጥፋ ሰላም ነን፣ ብቅ በሉ ብትል በራፏ ላይ መኪና ቆመ። ከድሩ ያን አይቶ ቅናት ያዘው። በማግስቱ ሳሎን የተሰቀለውን ስጋጃ አወረደ፤ አንቺ ዑምራ ደርሰሽ ስትመለሺ ያመጣሽልንን፣ የካዕባ ሥዕል ያለበትን። ወስዶ ስንጥቁ ላይ ሰቀለው። ወላሂ አምሮ ነበር፤ ክፍሉ አዲስ መሰለ። ሽቶ ሳይቀር ተቀባ፤ ለስልክ ሽቶ ምን ያደርግለታል ብዬ ሳቅኩበት። ከስጋጃው ፊት ቆሞ አዋሽ ሰላም ነው፣ ቤታችን ደህና ነው፣ የሰው ወሬ አትስሙ፣ አልጋችን ንጹሕ ነው፣ ኑ ተኙ አለ። ስልኩን ይዤ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ውሃውም አለ፣ ምኑ ሐሰት ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ዓይኔ ግን ከስጋጃው ጠርዝ አልነቀል አለኝ።

ቪዲዮው እንዲያ ይሮጣል ብለን አላሰብንም። ሰው ሥጋት ላይ ሆኖ ስለነበር አይዟችሁ የሚለውን ሁሉ ይቀባበላል። ከገዋኔ ተደወለ፣ ከመልካ ወረር ተደወለ፣ ሰርዶ ቆመናል፣ ስንደርስ አልጋ ያዙልን የሚሉ ሾፌሮች ደወሉ። ከድሩ ደስታው ፊቱ ላይ ተመለሰ። አንድ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መጥተው የጓሮው ክፍል አደሩ። እኔ ሸራው ስር ጋደም ብዬ ጣሪያቸውን ስጠብቅ አደርኩ፤ ትንሿ ልጅ ባሳለች ቁጥር እደነግጥ ነበር። እኛ ባለቤቶቹ ውጭ፣ እነሱ እንግዶቹ ውስጥ። ጠዋት ሰውየው እጄን ይዞ አመሰገነኝ፣ ሚስቱም መረቀችኝ። ምርቃቱን አሜን ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ያን ቀን ለከድሩ ሌላ ሰው አናስገባ አልኩት። አንድ ሳምንት ታገሺኝ፣ መሬቱም ይረጋል አለኝ። ስንከራከር ዋልን። አንቺ የደወልሽውም በዚያው ዕለት ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር ከድሩ ሁሉንም ሰምቷል። ስጋጃዬን አይቼዋለሁ ስትዪ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ግን እንደዚያም ሆኖ ቪዲዮውን አላወረደውም።

የከድሩን ልብ ያዞረው ሐመዱ ነው። ፍየል የሚያመጣልንን ሐመዱን ታውቂዋለሽ፤ ሻዩ ውስጥ ስኳሩን አፍስሶ የማይጠግበው። የአፋሮችን ዳጉ ደግሞ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እንዴት እንደሆነ አይተሻል፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ አረፍ ይልና ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ደግሞ ከእገሌ ሰማሁ እያለ ሳይቀላቅል ያቀብላል። የተቀበለውም ለሚቀጥለው እንደዚያው ያደርሳል። ወሬ ያበላሸ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። ሐመዱ ሁልጊዜ እኛ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ የመንገዱን ሁሉ ለከድሩ ይነግረዋል፤ ከድሩም ሾፌሮች የነገሩትን ይነግረዋል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

እሑድ ዕለት ግን መጣና አልቀመጥ አለ። ሻይ ቀዳሁለት፣ አልነካውም። ከድሩን የተናገርክበትን ክፍል አሳየኝ አለው። ምነው ሲለው፣ ወደ ገዋኔ ስሄድ ዘመዶቼ የአዋሽ ቤቶች እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ አላየሁም፣ ነገር ግን የማውቀው ከድሩ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ደህና ነው ሲል በስልክ ሰምቻለሁ ብዬ ነገርኳቸው፤ እነሱም ለሌላ ነግረዋል፤ ወሬው ያንተን ስም ይዞ ሄዷል፣ አሁን የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ስለዚህ በዓይኔ ልየው አለው። ከድሩ መጀመሪያ ቁልፉ ጠፋ አለ። ቀጥሎ እሱው ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ከፈተለት።

ሐመዱ በዱላው ጫፍ የስጋጃውን ጠርዝ ገለጥ አደረገው። አልተቆጣም፣ ክፉ ቃልም አልወጣውም፤ ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር። ስጋጃውን ቀስ ብሎ መለሰውና አሁን ተመልሼ የነገርኳቸውን ማቃናት አለብኝ፤ አየሁት፣ ተሰንጥቋል ብዬ እነግራለሁ አለ። ከድሩ ለመነው፤ ንገር፣ ስሜን ብቻ ተው አለው። ሐመዱም ስምህን ይዞ የሄደ ወሬ ስምህን ሳይዝ ቢመለስ ማን ይቀበለኛል አለና ወጣ። ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ። ልደፋው ብል ከድሩ ተይው አለኝ፤ እስኪመሽ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ቆየ።

ያን ዕለት ነው የእውነት ቁጭ ብለን ምን እንለጥፍ ያልነው። እታለም፣ እንዲህ ከባድ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከድሩ በመጀመሪያ ቪዲዮውን አጥፍተን ዝም እንበል አለ። ዝም ብንል ያየው ሰው እንዴት ያውቃል? መንገድ የጀመረው ይመጣል። ቀጥሎ ለጥገና ተዘግቷል እንበል አለ። ሰው ቀለም የምንቀባ ነው የሚመስለው አልኩት። አዳማ ያለችው የከድሩ እህት ኢህሳን ደውላ ዱዓ ብቻ ለጥፉ አለችን። ዱዓውን አላህ ይሰማዋል፤ እንግዳው ግን የት እንደሚያድር ከዱዓው አያውቅም። በመጨረሻ ከድሩ ራሱ ሐመዱ እንደሚያወራው ብናወራስ አለኝ። ያየነውን አየን፣ የሰማነውን ሰማን፣ የማናውቀውን አናውቅም። ሌላ የሚለጠፍ ነገር የለንም አለኝ።

ትናንት ሰኞ ጠዋት ቀረጽነው። ሽቶ የለ፣ አዲስ ሸሚዝ የለ። ስጋጃውን በገዛ እጁ አወረደውና ስንጥቁን በጣቱ እየተከተለ አሳየ። ይህን ግድግዳ እኔ ከድሩ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሸፍኜው ኑ ብያችሁ ነበር፣ አፉ በሉኝ አለ። በሳቡሬ በኩል መሬቱ ተከፍቷል ሲሉ ከሐመዱ ሰምቻለሁ፣ እኔ አላየሁም አለ። ነገ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም አለ። መኝታ የለንም፤ ምግብ ውጭ ዳስ ስር አለ፤ የመኪና ማቆሚያው አጠገብ ግንብ የለም፣ ሾፌሮች መኪናችሁ ውስጥ ማረፍ ትችላላችሁ ብሎ ጨረሰ። አፉ በሉኝ የሚለው ላይ ሲደርስ እያቋረጠ ደጋግመን ነው የቀረጽነው። ስንት ዓመት ባሌ ሆኖ እንዲያ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አሮጌውን አጥፍተን አዲሱን ለጠፍነው።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ያለን እንዳይመስልሽ። አንዱ ሟርተኛ ይለናል፣ አንዱ ደግሞ ገበያ ፈላጊ። ስንጥቅ ለጥፎ ምን ዓይነት ገበያ እንደሚገኝ አላህ ይወቀው! ዛሬ ጠዋት አስረሳች ሌሎች ባለ መኝታ ቤቶችን ይዛ መጣች። ከተማውን ዘጋችሁብን፣ የኔ ግድግዳ ምንም አልሆነም፣ የናንተ ቢሰነጠቅ እኛን ለምን ታስርባላችሁ አለች። እሷም ልጆች አሏት፣ የሚበሉት ከዚያው አልጋ ነው። በገና ድፎ ዳቦ ሳህን ሞልታ ለሂያም የላከች ሴት ናት፤ ሲወጡ ፊቷን አጥቁራ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትለኝ ሄደች። ጥፋቱ የኛ ይሁን የመሬቱ እኔንጃ።

እነሱ ከሄዱ ወዲህ ከድሩ ይወላውላል። እስከ ማታ ብቻ እናውርደውና እንየው ይለኛል። ቀዳዳ እንደፈለገ ሰው ሲመላለስ ሁለት ጊዜ ስልኩን ጠየቀኝ። እኔ ግን ጉልበቴ ስር አድርጌ ተቀምጬበታለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽም እንደተቀመጥኩበት ነው። በተንጫጫ ቁጥር እግሬን ይኮረኩረኛል። ሳቅ ካማረሽ ሳቂብኝ።

የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። ስጋጃውን ያየው ሰው ብዛትና ስንጥቁን ያየው ሰው ብዛት አይገናኝም። የመጀመሪያውን አገር ተቀባበለው፤ ይህኛውን ግን ሰው አይቶ ዝም ይላል፣ ለሌላ አይልከውም። አስፈሪ ነገር ለወዳጅ መላክ ማን ይወዳል? እኔ ደግሞ ከነዚያ ካላዩት መካከል አንዷ አንቺ ብትሆኚስ እላለሁ። አፍናን ሻንጣዋን አሰናድታ፣ አንቺ በንዴትሽ መኪና አሳፍረሻት፣ ልጅቷ ሆዷን ይዛ በራፌ ላይ ብትወርድስ? አክስቷ ቤት ደረስኩ ብላ ጋደም ብትልስ? አንዲት ቪዲዮ አምነሽ የኔን ድምፅ ማመን አቃተሽ ብዬ ተናድጄብሽም ነበር። ግን ምን ልበል፤ ቪዲዮውም የኛ ነው።

ቆይ፣ አሁን ደግሞ ነቀነቀን። ከላይ ያለው መስመር የተንጋደደው ለዚህ ነው። ሂያም ሮጣ መጥታ ቀሚሴን ይዛለች። አልፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ኩሽና የድስት ክዳን ነው የወደቀው፣ ሌላ የለም።

እንግዲህ ያሰብኩትን ስሚኝ። አፍናን ሐኪሟ አዳማ ስለሆነ ቅርብ ትሁን ያልሽው ልክ ነው፤ እሱን አልቃወምም። ግን አዋሽ አትደር። ለኢህሳን ነግሬያታለሁ፤ አዳማ ያለው ቤቷ ቆርቆሮና ጭቃ ነው፣ ፎቅ የለው፣ አጠገቡም ግንብ የለ፤ ክፍል አሰናድታለች፣ እሷም ደስ ብሏታል። አንቺ እሷ የምትነሳበትን ቀን ብቻ አሳውቂኝ። አውቶቡሱ አዋሽ ሲደርስ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። እሷ አትወርድም፣ እኔ ነኝ የምሳፈረው። እስክትወልድ ድረስም አብሬያት እቀመጣለሁ፤ ከድሩ ጥብሱን ይጥበስ፣ ሲያሰኘውም ጭሱን ይቅረጽ። ሳፋውንም ይዤ እሄዳለሁ። ለኔ እንግዳ ከብዶኝ እንደሆነ ያኔ ታዪዋለሽ።

የኢህሳንን ቤት በዓይኔ አላየሁም፤ ሄጄ አይቼው ሳልመለስ አፍናንን አታስነሺያት። ይህን የነገርኩሽ ከኢህሳን ሰምቼ ነው። ሐሙስ ሄጄ ግድግዳውን ሁሉ ዞሬ አይቼ፣ ያየሁትን እነግርሻለሁ። እባክሽ ያኔ ስልኩን አንሺልኝ።

ለጋሽ ሙእሚን የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከድሩ ዓይናቸውን ለማየት አፍሯልና አፉ ይበሉት። አፍናንን ሆዷን ዳብሰሽ ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አብሽሪ፣ አክስትሽ አለችልሽ በያት። ለሾፌሩ ባሏም ከመንገድ ሲመለስ ሰላም በይልኝ፤ ሲያልፍ ይቁምና ዳሱ ስር ይብላ። ለጎረቤትሽ ለፅጌረዳ ጥምቀት መቃረቡ ነውና ዘሀራ በሰላም ያድርስሽ ብላለች በያት። ሂያም ለአፍናን ልጅ ስም መርጫለሁ ትላለች፣ ግን አልናገርም ብላለች። ረጀብም ገብቷል፤ በዱዓሽ አትርሺን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ታጁ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚበላው የገርባው ልጅ፣ ጅቡቲ ሊጭን ሲያልፍ ሰመራ ይቆምልኛል። ማዳበሪያ ውስጥ የተጠቀለለ ነገርም ይሰጥሻል። ስጋጃሽ ነው። ስጦታሽን የመለስኩብሽ እንዳይመስልሽ፤ የሚሰቀልበት ግድግዳ ስናገኝ አንቺው ይዘሽው ትመጪያለሽ። አሁን ግን ገልብጪና ጀርባውን እዪው። ከስንጥቁ የረገፈው ሲሚንቶና አቧራ እንዳለ አለበት፤ ቪዲዮው ላይ ያላየሽው እሱ ነው። እንድታዪው ብዬ አላራገፍኩትም።

እህትሽ ዘሀራ

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.